ከጠቆረው ሬዚስተር አጠገብ ያለው ባለሦስት እግር፦ ትራንዚስተርን የመለየትና የሬዚስተርን ዋት የመወሰን ዝርዝር መመሪያ

በተበላሹ ቦርዶች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር አለ። አንድ ሬዚስተር ጠቁሮ የቀለም ቀለበቶቹ አይነበቡም፤ ከሥሩ ያለው ቦርድ ቡናማ ሆኗል፤ ከአጠገቡ ደግሞ ምንም ጉዳት የማይታይበት ባለሦስት እግር ጥቁር ዕቃ ቆሟል። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው የጠቆረውን ብቻ ቀይሮ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት አዲሱም ሬዚስተር ወዲያው ይጨሳል። ሬዚስተር በራሱ ጉድለት የሚቃጠልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በብዛት የሚቃጠለው ከእሱ ጋር በተከታታይ የተያያዘው ትራንዚስተር ሾርት ሆኖ (ውስጡ በቀጥታ ተገናኝቶ) ከአቅሙ በላይ የሆነ ከረንት ስለሚያሳልፍበት ነው። ትራንዚስተርን መለየትና የሬዚስተርን ዋት (ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል) መወሰን በትምህርት መጻሕፍት በተለያዩ ምዕራፎች ቢቀመጡም፣ በጥገና ጠረጴዛ ላይ ግን ተነጣጥለው የማይሠሩ አንድ ሥራ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ቦርዱን ከመንካትዎ በፊት መሣሪያውን ከሶኬት ይንቀሉ። በቀጥታ ከሶኬት የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ፣ በመግቢያው በኩል ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጥቂት ኪሎ ኦም፣ ዋቱ በቂ በሆነ ሬዚስተር ያራግፉት፤ ከዚያም በመልቲሜትር ለክተው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። በመጠምዘዣ ብረት ሾርት ማድረግ ብልጭታ የሚፈጥር፣ ካፓሲተሩንም ሰውንም የሚጎዳ ልማድ ነው።

ጽሑፉን ማንበብ

የመጀመሪያው ደረጃ በትራንዚስተሩ ፊት ላይ የታተመውን ፊደልና ቁጥር በአጉሊ መነጽርና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ማንበብ ነው። በሰፊው የሚያጋጥሙት የስያሜ ሥርዓቶች ሦስት ናቸው።

በአሜሪካው ሥርዓት ዳዮድ በ1ኤን፣ ትራንዚስተር ደግሞ በ2ኤን ይጀምራል፤ 2ኤን3904 እና 2ኤን3055 የዚህ ምሳሌ ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የተመዘገበበት ተራ ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃው ኤንፒኤን ይሁን ፒኤንፒ (በከረንት አቅጣጫ ተቃራኒ የሆኑ ሁለት የትራንዚስተር ዓይነቶች) ከስሙ ማወቅ አይቻልም። የአውሮፓው ሥርዓት የበለጠ ይናገራል። የመጀመሪያው ፊደል የተሠራበትን ነገር ያመለክታል፤ ኤ ጀርማኒየም፣ ቢ ደግሞ ሲሊከን ነው። ሁለተኛው ፊደል ሥራውን ይነግራል፦ ሲ ለአነስተኛ ኃይል የድምፅ ሥራ፣ ዲ ለከፍተኛ ኃይል የድምፅ ሥራ፣ ኤፍ ለአነስተኛ ኃይል ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ዩ ደግሞ ለከፍተኛ ኃይል ማብሪያ ማጥፊያነት። ስለዚህ ቢሲ547 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ምንም ሰነድ ሳይከፍት አነስተኛ የሲሊከን ትራንዚስተር መያዙን ያውቃል። መጨረሻው ላይ የሚጨመረው ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የማጉላት አቅሙን ክልል ያሳያል፤ በቢሲ547 ኤ ከ110 እስከ 220፣ ቢ ከ200 እስከ 450፣ ሲ ከ420 እስከ 800 ነው።

የጃፓኑ ሥርዓት ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው የሚያሳስተውም እሱ ነው። 2ኤስኤ እና 2ኤስቢ ፒኤንፒ፣ 2ኤስሲ እና 2ኤስዲ ኤንፒኤን፣ 2ኤስጄ ፒ ቻናል፣ 2ኤስኬ ደግሞ ኤን ቻናል ፌት (በቮልቴጅ የሚቆጣጠሩት የትራንዚስተር ዓይነት) ናቸው። አሳሳቹ ነገር ግን አምራቾች ቦታ ለመቆጠብ መነሻውን 2ኤስ ሳያትሙት መተዋቸው ነው። በዕቃው ላይ ሲ1815 ተብሎ ከተጻፈ የሚፈለገው 2ኤስሲ1815፣ ኤ1015 ከተባለ ደግሞ 2ኤስኤ1015 ነው። ዲ ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አይቶ ዕቃውን ዳዮድ ነው ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

በቦርዱ ገጽ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን ትራንዚስተሮች ሙሉ ስም የሚጻፍበት ቦታ ስለሌላቸው ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ያለው ኮድ ብቻ ይይዛሉ። ለምሳሌ 1ኤኤም የሚል ኮድ የ2ኤን3904 የገጽ ላይ አቻ ሲሆን፣ ጄ3ዋይ የሚለው ደግሞ ኤስ8050 ነው። አንዱ ኮድ በተለያዩ አምራቾች ዘንድ የተለያየ ዕቃ ሊያመለክት ስለሚችል፣ በኮድ ዝርዝር ላይ የተገኘውን ስም በልኬት እስኪያረጋግጡት ድረስ እንደ ግምት ይያዙት።

ቅርጹ የሚናገረውና የማይናገረው

ቅርጽ ስለ ዕቃው ኃይል ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ስለ ማንነቱ አይመሰክርም። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነው ቲኦ-92 የሚባለው ትንሹ ጥቁር ቅርጽ ትራንዚስተር ብቻ ሳይሆን፣ የቮልቴጅ ማስተካከያ፣ የሙቀት መለኪያ ወይም ታይሪስተር ሊሆን ይችላል። ብረት ምላስ ያለው ቲኦ-220 ደግሞ ትራንዚስተር፣ ሞስፌት (የፌት ዓይነት)፣ ትራያክ፣ ጥንድ ዳዮድ ወይም 7805ን የመሰለ ማስተካከያ ሊሆን ይችላል። ሦስት እግር ያለውን ሁሉ ትራንዚስተር ብሎ መጥራት ለጨዋታ ካልሆነ ለሥራ አይበጅም።

የሦስቱ እግሮች፣ ማለትም የመቆጣጠሪያው የቤዝና ዋናው ከረንት የሚያልፍባቸው የኮሌክተርና የኤሚተር፣ ቅደም ተከተል ከዚህም የባሰ ወጥመድ ነው። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ራስዎ አዙረው፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያነቡ፣ ቢሲ547 ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን3904 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ሲ1815 ደግሞ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። ሦስቱም በመልክ አንድ ናቸው። ከሁሉም የሚገርመው 2222 የሚል ቁጥር ያላቸው ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ማለትም ፒኤን2222ኤ እና ፒ2ኤን2222ኤ፣ እግራቸው እርስ በርሱ የተገለባበጠ መሆኑ ነው፤ አንዱ በኤሚተር ሲጀምር ሌላው በኮሌክተር ይጀምራል። በስማቸው መካከል ያለው ልዩነት አንድ አሃዝ ብቻ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ይህን ሳላጣራ የቀየርኩት ትራንዚስተር፣ ወረዳው (ሰርኪዩቱ) ደካማ ሆኖም ቢሆን መሥራቱን ስለቀጠለ፣ ስሕተቴን እስካገኘው ድረስ ብዙ ሰዓት ወስዶብኛል። ተገልብጦ የገባ ትራንዚስተር ፈጽሞ ከመሞት ይልቅ በትንሽ ማጉላት ሊሠራ ይችላልና።

በቲኦ-220 ቅርጽ የሚመጡ የተለመዱ ትራንዚስተሮች፣ ለምሳሌ ቲአይፒ31፣ ጽሑፉ ወደ እርስዎ ሲዞር ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር ሲሆኑ የብረት ምላሱ ከኮሌክተር ጋር የተያያዘ ነው። እንደ አይአርኤፍ540 ያሉ ሞስፌቶች ደግሞ ጌት (መቆጣጠሪያው)፣ ድሬን፣ ሶርስ ናቸው፤ ምላሱም ድሬን ነው። በ2ኤን3055 የብረት ዛጎሉ ራሱ ኮሌክተር በመሆኑ፣ ከማቀዝቀዣ ብረቱ የሚለየው ስስ ሚካ ሳይመለስ ከቀረ ኮሌክተሩ ከማቀዝቀዣው ጋር ይገናኛል።

በመልቲሜትር ማረጋገጥ

ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም የተነበበው ስም ካላሳመነ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ልኬት ነው። ቢቻል ትራንዚስተሩን ከቦርዱ ነቅለው ይለኩ፤ በቦርዱ ላይ እንዳለ ሲለካ ከጎኑ ያሉት ሬዚስተሮችና የሽቦ ጥቅሎች ልኬቱን ያዛባሉ። ከነቀሉት በኋላም ጥቂት ይጠብቁ፤ የሞቀ ትራንዚስተር የሚያሳየው ቁጥር ዝቅ ያለ ነው።

1. መልቲሜትሩን ወደ ዳዮድ መፈተሻ ያዙሩት። በዲጂታል መልቲሜትር ቀዩ ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። በአሮጌ ባለመርፌ መልቲሜትር የኦም መለኪያ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቩ በጥቁሩ በኩል ስለሚወጣ፣ ውጤቱ ሁሉ ተገልብጦ ይነበባል።

2. ለእግሮቹ 1፣ 2፣ 3 የሚል ስም ይስጡና በሁሉም ጥንድ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ። በድምሩ ስድስት ልኬት ነው። ስድስቱንም በወረቀት ይጻፉ፤ በቃል ለመያዝ የሚሞክር ሰው አራተኛው ላይ ይምታታበታል።

3. ጤነኛ የሲሊከን ትራንዚስተር በስድስቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ከ0.5 እስከ 0.75 ቮልት የሚሆን ቁጥር ያሳያል፤ አራቱ ክፍት ናቸው። የጀርማኒየም ከሆነ ቁጥሩ ወደ 0.2 ወይም 0.3 ይወርዳል።

4. በሁለቱም የተሳኩ ልኬቶች ላይ የተደገመው እግር ቤዝ ነው። በዚያ እግር ላይ የነበረው ቀዩ ጫፍ ከሆነ ትራንዚስተሩ ኤንፒኤን፣ ጥቁሩ ከሆነ ፒኤንፒ ነው።

5. ሁለቱን ቁጥሮች ያወዳድሩ። ከፍ ያለውን ቁጥር የሰጠው እግር ኤሚተር፣ ዝቅ ያለውን የሰጠው ኮሌክተር ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ለምሳሌ 0.668 እና 0.661፣ በሚለኩበት ጊዜ ዕቃውን በጣትዎ አይያዙት፤ የጣት ሙቀት ብቻውን ልዩነቱን ሊያጠፋው ይችላል።

6. መልቲሜትርዎ የማጉላት መለኪያ ቀዳዳ ካለው ባገኙት ቅደም ተከተል ያስገቡትና ያንብቡ፤ ከዚያም ኤሚተሩንና ኮሌክተሩን አቀያይረው ይድገሙት። ጎላ ያለ ቁጥር የሰጠው አቀማመጥ ትክክለኛው ነው።

ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ከታየ ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኗል፤ ሬዚስተሩን ያቃጠለውም ምናልባት እሱ ነው። ከቤዝ የሚነሱት ሁለቱም ልኬቶች በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ከሆኑ ደግሞ ውስጡ ተበጥሷል።

ይህ ዘዴ የማይሠራባቸውን ዕቃዎች አለማወቅ ጤነኛ ዕቃ ያስጥላል። ዳርሊንግተን በውስጡ ሁለት ትራንዚስተሮች ስላሉት ከቤዝ ወደ ኤሚተር ከ1 ቮልት በላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። በውስጣቸው የቤዝ ሬዚስተር የተሠራላቸው ትራንዚስተሮች ደግሞ በዳዮድ መፈተሻው ላይ የተበላሹ ይመስላሉ። በአሮጌ ቱቦ ቴሌቪዥኖች የነበሩት የአግድም መውጫ ትራንዚስተሮች ብዙዎቹ በቤዝና በኤሚተር መካከል በአሥሮች ኦም የሚቆጠር ሬዚስተር በውስጣቸው ስላለ፣ በዚያ በኩል ሾርት የሆኑ ይመስላሉ። እነዚህን ሁሉ ለመለየት ዳታሺት (የአምራቹን ዝርዝር ሰነድ) መክፈት ግድ ነው።

ሞስፌት ሲሆን አሠራሩ ይለወጣል። ጌቱ ከሁለቱም እግሮች ጋር በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት መሆን አለበት፤ ጌቱ ላይ የትኛውም ቁጥር ከታየ ሞስፌቱ በአብዛኛው ሞቷል። በኤን ቻናል ቀዩን ሶርስ ላይ፣ ጥቁሩን ድሬን ላይ ሲያደርጉ የውስጡ ዳዮድ 0.5 ቮልት አካባቢ ያሳያል። በግልባጩ ሾርት ከመሰለ ግን ሞተ ብለው አይፍረዱ፤ ጌቱ ከቀደመው ልኬት ቻርጅ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ጌቱንና ሶርሱን ለአፍታ አገናኝተው ቻርጁን ያራግፉና ይድገሙት።

ወደ ሬዚስተሩ፦ አካሉን በማየት የሚገመተው ዋት

የቀለም ቀለበቶች የኦሙን መጠንና የመሳሳቻ ክልሉን እንጂ ዋቱን አይናገሩም። በአነስተኛ ሬዚስተሮች ላይ ዋት የሚገመተው ከአካሉ መጠን ነው። ለተለመዱት ባለሁለት እግር የካርቦንና የብረት ፊልም ሬዚስተሮች፣ አካሉ 3 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ 1/8 ዋት፣ 6 ሚሊሜትር ከምናምን ከሆነ ሩብ ዋት፣ 9 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ግማሽ ዋት፣ 11 ወይም 12 ከሆነ 1 ዋት፣ 15 ከሆነ 2 ዋት ነው ተብሎ ይወሰዳል። እነዚህ የተለመዱ መጠኖች እንጂ ሕግ አይደሉም፤ የሩብ ዋት አካል ይዘው ግማሽ ዋት የሚችሉ አነስ ተደርገው የተሠሩ ዓይነቶችም አሉ። በነጩ የሲሚንቶ ሬዚስተር ላይ ግን ዋቱም ኦሙም በግልጽ ስለሚታተም መገመት አያስፈልግም።

በቦርድ ገጽ ላይ የሚለጠፉት በመጠን ኮዳቸው ይታወቃሉ። በተለመደው ዓይነት 0402 የ1/16፣ 0603 የ1/10፣ 0805 የ1/8፣ 1206 የሩብ፣ 2512 ደግሞ የ1 ዋት ነው። ኮዱ ርዝመትና ወርድ በመቶኛ ኢንች ስለሆነ በማስመሪያ ለክቶ ማግኘት ይቻላል፤ 0805 ወደ 2 ሚሊሜትር፣ 1206 ደግሞ 3.2 ሚሊሜትር ይረዝማል።

የድሮ የሶቪየት ዲያግራም የሚያነብ ሰው አንድ ዕድል አለው፦ ሬዚስተሩን በሚወክለው አራት ማዕዘን ውስጥ ዋቱ በመስመር ተመልክቷል። ሁለት ሰያፍ መስመር 0.125፣ አንድ ሰያፍ 0.25፣ አንድ አግድም 0.5፣ አንድ ቋሚ 1፣ ሁለት ቋሚ 2 ዋት ማለት ነው። ይህ ልማድ በሁሉም ዲያግራሞች ላይ አለመስፋፋቱ ያስቆጫል።

በስሌት መወሰን

አካሉ የሚነግረው ቀድሞ የነበረውን ዋት ነው፤ መኖር የነበረበትን የሚነግረው ስሌት ነው። ኃይል የሚገኘው በሬዚስተሩ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በራሱ አባዝቶ ለኦሙ በማካፈል፣ ወይም ከረንቱን በራሱ አባዝቶ በኦሙ በማባዛት ነው። እዚህ ላይ የሚገባው ቮልቴጅ በሬዚስተሩ ላይ ብቻ የሚወርደው እንጂ የወረዳው ሙሉ ቮልቴጅ አይደለም።

ከ12 ቮልት ባትሪ 2 ቮልት የሚፈልግ ኤልኢዲ በ470 ኦም ሲበራ፣ በሬዚስተሩ ላይ 10 ቮልት ይወርዳል፤ ኃይሉም 100 ለ470 ሲካፈል 0.21 ዋት ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ሩብ ዋት ይበቃል። ይሁን እንጂ ያው ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ 14.4 ቮልት ሲደርስ፣ በሬዚስተሩ ላይ የሚወርደው 12.4 ቮልት ይሆንና ኃይሉ ወደ 0.33 ዋት ከፍ ይላል፤ ሩብ ዋቱ ከአቅሙ አለፈ ማለት ነው። ስሌት ባትሪው በሚጠራበት ቮልቴጅ ሳይሆን ሊደርስ በሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራው ለዚህ ነው። ከዚያም የተገኘውን በሁለት አባዝቶ ቀጥሎ ያለውን መደበኛ ዋት መምረጥ የቆየ ጥሩ ልማድ ነው፤ በዚህ ምሳሌ 0.66 ስለሚሆን 1 ዋት ይመረጣል።

በአንጻሩ ከ5 ቮልት መቆጣጠሪያ ወደ ትራንዚስተር ቤዝ የሚሄድ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር 4.3 ቮልት ብቻ ስለሚወርድበት 0.02 ዋት እንኳ አይሞላም። በቦርድ ላይ ካሉት ሬዚስተሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ልብ ሊባልባቸው የሚገቡት በኮሌክተር ወይም በኤሚተር መንገድ ላይ ያሉት፣ የከረንት መለኪያ የሆኑት ከ1 ኦም በታች ያሉትና ከከፍተኛ ቮልቴጅ የሚነሱት ናቸው።

ከረንቱ የሚቆራረጥ ከሆነ አማካይ ከረንትን በስሌቱ ማስገባት ከባድ ስሕተት ያመጣል። በ0.5 ኦም ውስጥ 1 አምፒር ከጊዜው አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢያልፍ፣ አማካይ ኃይሉ 0.05 ዋት ነው፤ አማካዩን 0.1 አምፒር ወስዶ ያሰላ ሰው ግን 0.005 ዋት ያገኛል። በአሥር እጥፍ ተሳሳተ ማለት ነው።

በስሌት የማይታዩ ሦስት ገደቦች

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። የተለመዱ የፊልም ሬዚስተሮች የተጻፈላቸውን ዋት የሚችሉት በዙሪያቸው ያለው አየር እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ አቅማቸው እየቀነሰ ሄዶ ለብዙዎቹ 155 ዲግሪ ላይ ዜሮ ይደርሳል። በታሸገ ሣጥን ውስጥ፣ ከማቀዝቀዣ ብረት አጠገብ 110 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ የግማሽ ዋት ሬዚስተር የሚችለው 0.26 ዋት ገደማ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የቮልቴጅ ገደብ ነው፤ ብዙ ጠጋኞች የሚዘነጉትም እሱን ነው። የተለመደ የሩብ ዋት ካርቦን ፊልም ሬዚስተር ብዙውን ጊዜ እስከ 250 ቮልት ድረስ ብቻ የተፈቀደለት ነው። በ310 ቮልት ላይ የተቀመጠ 1 ሜጋ ኦም የሚፈጀው ኃይል ከ0.1 ዋት በታች ቢሆንም፣ ከቮልቴጅ ገደቡ ስላለፈ ውሎ አድሮ ኦሙ እየጨመረ ሄዶ ክፍት ሊሆን ይችላል። ንድፍ አውጪዎች በፓወር ሰፕላይ ማስነሻ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሬዚስተር በተከታታይ የሚያስቀምጡት ቮልቴጁን ለመከፋፈል ነው፤ በአንድ ትልቅ መተካት ሥራውን ማቃለል ይመስላል እንጂ ጥበቃውን ያነሳል።

ሦስተኛው፣ ፊውዝ ሆነው እንዲያገለግሉ የተሠሩ ሬዚስተሮች ጉዳይ ነው። በኃይል መግቢያ ላይ የሚገኝ፣ ኦሙ ጥቂት የሆነ ሬዚስተር ከተቃጠለ ሥራውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል። በእሱ ቦታ ከፍ ያለ ዋት ማስገባት ፊውዝን በወፍራም ሽቦ እንደ መተካት ነው። እዚህ ላይ በሁለት አባዛ የሚለው ልማድ አይሠራም፤ ያው ዓይነት፣ ያው ኦም፣ ያው ዋት ይመለሳል።

የጠፋውን ኦም ማግኘትና ኃይል መልቀቅ

የጠቆረው ሬዚስተር ኦም የማይነበብ ከሆነ መጀመሪያ በቦርዱ ላይ ተመሳሳይ ክፍል ይፈልጉ፤ በስቴሪዮ አምፕሊፋየር የግራው ቻናል የቀኙ ግልባጭ ስለሆነ መልሱ ከጎን ተቀምጧል። ያ ከሌለ፣ ቃጠሎው ያረፈበትን ስፍራ በአካሉ ላይ ያግኙና ከዚያ ግራና ቀኝ ያለውን ቀለም በጥንቃቄ ፍቀው፣ ከእያንዳንዱ እግር እስከ ቃጠሎው ጠርዝ ያለውን ኦም ይለኩ። የሁለቱ ድምር ከትክክለኛው በጥቂቱ ያንሳል፤ ወደ ላይ ያለውን ቅርብ መደበኛ ቁጥር ይውሰዱ። ይህ ለፊልም ሬዚስተር የሚሠራ ግምት ነው።

ሞስፌት ሾርት በሆነበት ፓወር ሰፕላይ ላይ የሶርሱን መለኪያ ሬዚስተርና የጌቱን ሬዚስተር ሳይለኩ አዲስ ሞስፌት አይበይዱ፤ የሚቆጣጠረው አይሲም አብሮ የመሞት ልማድ አለው። አዲሱን ሬዚስተር ከ1 ዋት ጀምሮ ከሆነ ከቦርዱ 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይበይዱት፤ አየር እንዲያገኝና ሥሩ ያለው ቦርድ ዳግመኛ እንዳይጠቁር።

ኃይል ሲለቁ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ከመሣሪያው ጋር በተከታታይ ያስገቡ። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ካፓሲተሮቹ ሞልተው ሾርቱ እንደሌለ ይጠቁማል፤ ደምቆ ከቀረ ወዲያው ያጥፉና ወደ ስድስቱ ልኬቶች ይመለሱ። ሁሉም ደህና ከሆነ አምፖሉን ያውጡና፣ መሣሪያው በሙሉ ሸክም እየሠራ ሳለ በአዲሱ ሬዚስተር ጫፎች ላይ የሚወርደውን ቮልቴጅ ይለኩ። በራሱ አባዝተው ለኦሙ ያካፍሉት። ውጤቱ ከተጻፈለት ዋት ግማሽ በታች ከሆነ ሽፋኑን ይግጠሙ፤ ከበለጠ ግን ሬዚስተሩን ከፍ ባለ ዋት ከመተካትዎ በፊት አጠገቡ ያለውን ትራንዚስተር እንደገና ነቅለው ይለኩ።